በእኔ አፍ

ወይኔ ስሙኝማ፣ የጥምቀት ዕለት ጠዋት ምን እንደሰማሁ! ገና ፊቴን እንኳን አልታጠብኩም። የጅግጅጋን የጥር ብርድ ታውቁት የለ፣ ጋቢ ተከናንቤ ወደ ኩሽና ስሄድ እማዬና እትዬ የኋላሸት ውስጥ ሆነው ያወራሉ። እትዬ የኋላሸት የእማዬ ታላቅ እህት ናት፣ ለበዓሉ ከድሬዳዋ ትናንት ነው የመጣችው፣ ስታንሾካሹክ እንኳን ግቢው ሁሉ ይሰማታል። "ልደትን ምን ልታለብሻት ነው?" ትላለች። ልደት ማለት እኔ ነኝ። እማዬ የዶሮውን እንቁላል እየላጠች "የሶሲናን አረንጓዴ ጥለት ልሰጣት ነበር፣ ልክክ ነው የሚልላት። ሶሲና እምቢ አለችኝ እንጂ" አለች። ከዛ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "ለነገሩ ይቀመጥ። የሷ ነገር አይታወቅም፣ አንድ ቀን ተመልሳ ትገባበታለች" ስትል ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ሳቁንም ምኑንም አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ላይ የቀረው "እምቢ አለችኝ" የሚለው ብቻ ነው።

ቀሚሱን ብታዩት እኮ! ነጭ ሆኖ ደረቱና ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥለት፣ ውስጡ ትንንሽ ወርቃማ መስቀሎች፣ ሽሮ ሜዳ ታዞ የተሠራ። ታላቅ እህቴ ሶሲና ወፍራም በነበረችበት ጊዜ ለአንድ ጥምቀት ለብሳው በቃ፣ ከዛ ወዲህ ሻንጣ ውስጥ ነው። አሁን ብትለብሰው ሁለት ሶሲና ይገቡበታል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? የኔ የአምና ቀሚስ በራሱ ጊዜ ተበጣጥሷል፣ ብብቱ ስር ተተርትሯል፣ ነጠላዬን ካልደረብኩ ሁሉም ይታያል። አባዬ ደግሞ ጉናጋዶ ነው የሚሠራው፣ ዘንድሮ እረፍት ስላላገኘ አልመጣም፣ እሱ ቢኖር ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። እሱ የኔ ነው፣ እማዬ የሶሲና ናት። ሶሲና ደግሞ የጅግጅጋ ሁሉ ናት!

እውነቴን ነው። ከሷ ጋር አንድ ባጃጅ ብንሳፈር ሾፌሩ ሂሳብ የሚቀበለው እየሳቀ ነው። ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፣ የሥራ ባልደረቦቿ ቤታችን ሲመጡ ወሬያቸው ሁሉ "ሶሲና ምን ብትበይ ነው?" ነው። ቀጭን እኮ አይደለችም! ልክ ናት፣ እሱ ነው የሚያናድደው። ደግሞ ክብደት መቀነስማ ማንም ይቀንሳል። እኔ ራሴ አምና በባዶ ሆዴ ሎሚ በሙቅ ውሃ እየጠጣሁ ቀንሼ ነበር፣ ከዛ የጓደኛዬ የዐኒሳ እናት በረመዳን የምስር ሳምቡሳ ስትልክልን በአንድ ወር መለሰልኝ። ከነወለዱ። የሷ ግን አልተመለሰም። ሦስት ዓመት! ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ ለቢሮ በዕቃ የተቋጠረ ምስርና ጥቅል ጎመን፣ ማታ ግማሽ እንጀራ። ሩዝና ፓስታ አርብ አርብ ብቻ፣ እሱንም በቡና ስኒ ሰሃን። እማዬ መጀመሪያ አካባቢ "የኔ እጅ ምን ሆነ? መርዝ ነው የምሠራው?" እያለች ታለቅስ ነበር። አሁን አታለቅስም፣ ግን የሶሲናን የምሳ ዕቃ ስታጥበው ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። እኔ ደግሞ ማርያምን ብዙ አልበላም። ድርሻዬን ነው የምበላው። የራሴን ድርሻ ብቻ በልቼ እንዴት እንዲህ እንደምሆን እግዜር ይወቀው።

ሶሲ አንድ ጥሩ ነገር ግን አላት፣ አልዋሽም። ታጎርሰኛለች። ትሪው ቀርቦ ከተቀመጥንበት ሰዓት ጀምሮ "ልዱዬ እንኪ" እያለች፣ ሥጋውን መርጣ፣ ትንሽዬ አድርጋ ሳይሆን ጉንጭ የሚሞላ አድርጋ። እማዬን እንኳን አታጎርስም፣ እኔን ብቻ ነው። ተጣልተን ሳንነጋገር በምንውልበት ቀን እንኳን ማታ ጉርሻው ይመጣል። ዐኒሳ አንዴ ቤታችን መጥታ አይታ "የኔ እህት ብትሆን ሥጋውን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር" ብላኛለች። በዛ ቀን ኩራት ሊገድለኝ ነበር።

እና ከኩሽናው ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። አንድ ክፍል ነው ያለን፣ ሁለት አልጋ፣ በመሃል የሷ ሻንጣ። ሶሲ መስታወት ፊት ቆማ ጸጉሯን ትሠራለች።

"ቀሚሱን ለምን ከለከልሽኝ?"

"እፈልገዋለሁ ልዱ።"

"ለምን? ድንኳን ልትሠሪበት?"

ዞር ብላ አየችኝና ሳቅ አለች፣ ግን የውሸት ሳቅ ነው። "ሌላ የፈለግሽውን ውሰጂ" አለች። ሌላው የሷ ልብስ በኔ ጭን ላይ እንኳን እንደማያልፍ እያወቀች እኮ ነው! "ቅዳሜ ቅዳሜ በር ቆልፈሽ ከማን ጋር በስልክ እንደምታወሪ ለእማዬ እነግርብሻለሁ" አልኳት። እውነት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት በሩን ትቆልፋለች፣ እኔ ውጪ እቆማለሁ፣ ድምፅ የለም፣ ትንሽ ቆይታ ትከፍታለች። ይህን ስላት ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ አልጋዋ ስር አስገባችው። በቃ ቀናሁ አይደል የምትሉት፣ አዎ ቀናሁ! ለማትለብሰው ቀሚስ የምትሳሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ስንደርስ ሰዉ ሞልቷል። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ነጩን ልብስ ሁሉ ሻይ ያስመስለዋል፣ ጸበሉ ሲረጭ ሰው እየተገፋፋ ይጮሃል፣ ዲያቆናቱ በጎማ ነው የሚረጩት። እኔ እጄን ወደ ላይ ማንሳት አልቻልኩም፣ ብብቴ! ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ እልል ሲል እኔ ነጠላዬን ይዤ እንደ ሐውልት ቆምኩ። ሶሲና ደግሞ ቀለል ያለች ነጭ ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መቀነት፣ ውሃው ነክቷት ስትስቅ ሰው ዞሮ ያያታል። ከቢሮዋ አንዲት ሴትዮ መጣችና አቅፋት፣ አገላብጣ ስማት፣ "እስቲ ዛሬ እንኳን ሚስጥሩን ንገሪን" አለቻት። ሶሲ "ምንም ሚስጥር የለውም" አለች፣ ሁሌ እንደምትለው። ከዛ ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። "እህትሽ ናት? ውይ፣ ምንም አትመሳሰሉም!" ምንም! ቢያንስ በአፍንጫ እንመሳሰላለን እኮ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ለምሳ ቤት ተመለስን። ሳሎናችን ጠባብ ናት፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን መሬት ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። ማማ ሀሊሞም መጥታለች። ማማ ሀሊሞ ጎረቤታችን ናት፣ ሱማሌ ናት፣ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያመጣች ገበያ ውስጥ ትሸጣለች፣ ከኔ መወለድ በፊት ጀምሮ የእማዬ ጓደኛ ናት። የኛን ሥጋ እሷ አትበላም፣ የሷን እኛ አንበላም፣ ስለዚህ እማዬ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አንድ ድስት አላት፣ "የሀሊሞ ድስት" ነው የምንለው። በበዓል በሱ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና ካሮት ይሠራላትና ለብቻዋ በትንሽ ትሪ ይቀርብላታል። እና ሶሲና ምን ታደርጋለች? ገና ሳንቀመጥ ተንሸራታ ማማ ሀሊሞ ጎን! "ብቻዋን አትብላ" ትላለች። ሦስት ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር እዛ ትሪ ላይ ናት። እኛ ለምደነዋል፣ እትዬ የኋላሸት ግን አዲስ ናት። እንጀራዋን ይዛ ቀረች። ሶሲናን አየች፣ የሶሲናን ትሪ አየች፣ እማዬን አየች። ከዛ እንደ ልማዷ በሹክሹክታ ጮኸች።

"ወለተሐና፣ ይቺ ልጅ ልትሰልም ነው እንዴ?"

እማዬ ጭልፋው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "በስመ አብ!"

"ምን በስመ አብ ትዪኛለሽ? በጥምቀት ዶሮ ጥላ የእስላም ትሪ ላይ የምትቀመጥ ክርስቲያን የት አለች? ሰውነቷ ቀነሰ፣ ሥጋ ተወች። ባል አግኝታ ይሆናላ!"

ማማ ሀሊሞ ሳቋን ለቀቀችው። "አባዮ፣ እህቴ፣ ብትሰልም እኔ አላውቅም? የሠርጉን ቀሚስ፣ ድራዑን የምሸጠው እኔ!" ሁሉም ሳቀ፣ ሶሲናም ሳቀች፣ እማዬ ግን አልሳቀችም። ጆሮዋ ቀልቷል። "ሶሲና፣ ተነሽ። ወደ እኛ ትሪ" አለች። ድምጿ እንደዛ ሲሆን እኛ ቤት ማንም አይከራከርም። ሶሲ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኔ ጉልበቴን ሰብስቤ ቦታ ለቀቅኩላት፣ ውስጤ ግን "እሰይ!" ብሏል። ዛሬ እናያለን አልኩ። ዛሬ እንደ ሰው ትበላለች።

ቀይ ወጡ ላይ ቅቤው ተንጣሏል፣ መሃሉ ላይ አይብ፣ ዙሪያውን እንቁላል። እማዬ ለሶሲና ሙሉ ፈረሰኛ ፊቷ ጣል አደረገችላት። ሶሲ ወዲያው ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ "ልዱዬ እንኪ"። በላሁ። እትዬ የኋላሸትን ስለ ድሬዳዋ ሙቀት እየጠየቀች ሌላ ጠቀለለች። "ልዱዬ።" በላሁ። እትዬ የኋላሸት ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሽንሌ ዘመዶቻችን፣ ስለ አንድ ተሰርቆ ስለተገኘ ፍየል ታወራለች፣ ሶሲ አይኗን ከሷ ላይ ሳትነቅል "ኧረ! ከዛስ?" ትላለች፣ እጇ ብቻ ይመጣል። ፈረሰኛው በአራት ጉርሻ እኔ ውስጥ አለቀ። ማማ ሀሊሞ ከትንሿ ትሪ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ ስታየን ቆየችና ጭኗን መታች።

"አንቺ ሶሲና፣ ወላሂ ብልጥ ነሽ! በዚህች ልጅ አፍ ነው የምትበዪው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ሳትቀር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አፌ ሙሉ ነው፣ ጉንጬ ተወጥሯል፣ መዋጥም መትፋትም አልቻልኩም። የሶሲናን ፊት አየሁት። እየሳቀች አይደለም። ትሪውን ነው የምታየው። በዛች ቅጽበት ምን እንደገባኝ ልንገራችሁ? ሁሉም! የየማታው ጉርሻ፣ ተጣልተን እንኳን የሚመጣው፣ ጉንጭ የሚሞላው። የራሴን ድርሻ ብቻ ነው የምበላው ስል የሷንም እየበላሁ ነበር። ዐኒሳ ፊት የኮራሁበት! ሰው ሁሉ "ሶሲና ምን ብትበይ ነው" ሲል መልሱ እኔ ጋ ነበር፣ ወገቤ ላይ፣ ብብቴ ስር በተተረተረው ላይ። በግድ ዋጥኩት።

ከዛ በቃ አላሰብኩም። እንጀራውን በሰፊው ቆረስኩ፣ ወጡ ቅቤ ያቆረበት ጋ ነክሬ፣ አይብ ጨምሬ፣ የጨቅላ ጭንቅላት የሚያክል ጠቀለልኩና ከንፈሯ ላይ ደቀንኩት። "እንኪ ሶሲዬ! ጥምቀት አይደል?" እትዬ የኋላሸት አጨበጨበች። "ጎሽ! አጉርሻት!" እጄ እዛው ነው፣ ቅቤው በክንዴ ይወርዳል። ሁሉም ያያል። ጉርሻ እምቢ አይባልም። ሶሲ አይኔን አይታኝ አፏን ከፈተች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አልኩና ደገምኩ። ሦስተኛውንም። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

እዛ ላይ ያቆማል ብዬ ነበር። አላቆመም። ሶሲና ራሷ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች። ቆረሰች፣ በላች። ቆረሰች፣ በላች። እንቁላሉን በአንዴ። አይቡን። ማንንም አታይም፣ በር ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው የምትመስለው። እማዬ እጇን ወደ ጣሪያው አንስታ "ተመስገን! ልጄ በላችልኝ!" አለች፣ ድምጿ ተሰባበረ። ሶሲ ቀና ሳትል "እማ፣ እንጀራ ጨምሪልኝ" አለች። ይቺን ቃል ቤታችን ከሰማት ስንት ጊዜው! እማዬ እየሮጠች ሄደች። እኔ ድሮ ይህን ባየሁ ብዬ እመኝ ነበር እኮ፣ አሁን ሳየው ግን እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ። ማማ ሀሊሞ አትስቅም። እጇን በትሪው ጠርዝ ላይ አራግፋ ተነሳችና "ሶሲና፣ ነይ አስታጥቢኝ" አለች። ማስታጠብ የኔ ሥራ ነው። ግን ሶሲናን ጠራች። ሶሲ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ተነሳች፣ ማማ ሀሊሞን አስታጠበች፣ የራሷንም ታጠበች፣ ወደ ትሪው አልተመለሰችም።

ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። መኝታ ቤቱ ተቆልፏል። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ሶሲ፣ እኔ ነኝ፣ ማርያምን ክፈቺ።" ከፈተች። አረንጓዴውን ጥለት ለብሳለች። ወርዶ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከኋላ ያለውን ጨርቅ ልትይዝ እጇን ጠምዝዛ ትታገላለች። "ነይ ያዢልኝ" አለች፣ "ከወገቤ ኋላ የተረፈውን፣ በጭብጥሽ።" ያዝኩ።

"ሞላ?"

"ምኑ?"

"ጭብጥሽ። ሞላ ወይ?"

"ሞልቷል።"

"በደንብ ያዢ ልዱ!"

"ሞልቷል አልኩሽ እኮ፣ ተርፏል!"

አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ የለም፣ ማንም የለም። ሚዛን ላይ አትወጣም፣ ሚዛን ትፈራለች። ቀሚሱን ለብሳ ጨርቁን ትጨብጣለች። ጭብጧ ከሞላ ሳምንቱን ትቀጥላለች፣ ከጎደለ ማታ ግማሿን እንጀራም ትቀንሳለች። "መቀነሱማ አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ሄደ" አለች። "ከዛ በኋላ ያለውን ነው ማንም የማያየው። እማዬ ይሄን ቀሚስ የምታስቀምጠው እንድመለስበት ነው፣ አውቃለሁ። እኔ የማስቀምጠው እንዳልመለስበት ነው።"

"እኔን ግን ለምን?" አልኩ። እንባዬ መጣ፣ አላቆምኩትም። "በኔ አፍ ለምን?"

ሳሎን ውስጥ እትዬ የኋላሸት ስለ ፍየሉ እንደገና ጀምራለች። "እዚህ ቤት አልበላም ያለ ሰው ክፉ ነው" አለች በመጨረሻ። "ትሪ ላይ ካተረፍሽ እማዬ ታለቅሳለች። የሚያጎርስ ሰው ግን... ማንም አይቆጣውም።" ጥለቱን በጣቷ እየነካካች "አንቺ ደግሞ ደስ ይልሽ ነበር" አለች። ይህን ስትል ፊቷን አላዞረችም። ደስ ይለኝ ነበር እኮ።

ቀሚሱን በራሷ ላይ አወለቀችና ጭኔ ላይ ጣለችው፣ ገና ሙቀቷ አለበት። "ልበሺ። ቅዳሜ ጠዋት ግን መልሺልኝ፣ ለትንሽ ደቂቃ።" ለበስኩት። ልክክ አለ፣ እማዬ እንዳለችው፣ የሚጨበጥ አንዲት ጣት የምታህል ጨርቅ የለውም። ሲያምር ጉድ ነው! ሳሎን ስወጣ እትዬ የኋላሸት ደረቷን ይዛ "ወይ ጉድ! ቁርጥ የድሮዋን ሶሲናን!" አለች። እማዬ አየችኝና አይኖቿ ሞሉ፣ "አዎ፣ ሶሲናዬ" አለች፣ እኔን እያየች። ጠዋት ምንም አትመሳሰሉም ሲሉኝ ተናድጄ አልነበር? አሁንም ተናደድኩ። ቀሚሱን እኔ ለብሼው እንኳን ሶሲና ናት የምታምረው።

ማታ ከምሳ የተረፈው ቀረበ፣ አራታችን ብቻ ነን፣ ማማ ሀሊሞ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ቀሚሱን አላወለቅኩም፣ ወጥ እንዳይነካው ፎጣ ጭኔ ላይ አንጥፌያለሁ። ሶሲና ግማሽ እንጀራዋን ለይታ ከጎመኑ በቀስታ በላች፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ምሳ ላይ ምንም እንዳልሆነ። እማዬ የመጨረሻዋን እንቁላል ወደሷ ገፋ አደረገችላት። ሶሲ እንቁላሏን ለሁለት ከፈለች፣ በእንጀራ ጠቀለለች፣ ጉንጭ የምትሞላ አድርጋ፣ እጇን አነሳች። አየችኝ። እኔም አየኋት። አሁን ብታጎርሰኝ እምቢ እላለሁ ብዬ ከሰዓት ሙሉ ስለማመድ ነው የዋልኩት፣ "በቃኝ ሶሲ" ልላት፣ በትልቅ ሰው ድምፅ። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆመና ዞረ። "እማ፣ እንኪ" አለች።

እማዬ ደንግጣ አፏን ከፈተች። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ እጇን ስከተል ለካ የኔም አፍ አብሮ ተከፍቷል።